የኪሩቤል እጆች

ወደ አሠልጣኝነት የገባሁት አንድ ኳስ በመቅለብ ነው። ኳስ ስል የእግር ኳሱን ማለቴ አይደለም፤ አሜሪካኖቹ ፉትቦል የሚሉትን፣ በእጅ የሚወረወረውንና ሁለት ጫፉ ሾል ያለውን ነው። ያኔ አሜሪካ፣ ስቶን ማውንቴን በምትባል ከተማ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። ቡድኑን ሜዳ አድርሼ ልምምዳቸውን እስኪጨርሱ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን አንዱ ኳስ አጥሩን አልፎ ወደኔ ሲመጣ በአንድ እጄ ቀለብኩትና መልሼ ወረወርኩት። አዲስ አበባ ሳለሁ ለአንድ ክለብ እጅ ኳስ እጫወት ነበር።

ዋና አሠልጣኙ ግራንት በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሱፍ ይፈለፍላል። ቀስ ብሎ ወደኔ መጣና፣ “ነገም እዚህ ነሽ?” አለኝ።

“አውቶቡሱን ጥዬ የት እሄዳለሁ?” አልኩት።

በነጋታው ኳስ ወርዋሪውን ማሽን አስረከበኝ። ሁለት የጎማ መንኮራኩሮች ትይዩ ሆነው ይሽከረከራሉ፤ ኳሱን በመሃላቸው ሲያስገቡት ወርውረው ይሰዱታል። የኳሱ ስፌት ወደ ላይ መሆን እንዳለበት ግን ማንም አልነገረኝም። የላክሁት ኳስ እየተንቀዠቀዠ ሄዶ የግራንትን የሱፍ ከረጢት ከእጁ ላይ በተነው። ልጆቹ ሣሩ ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። “ኮች ሾ”፣ አሠልጣኝ ሾ ለማለት፣ የሚለው ስም የወጣልኝ ያን ዕለት ነው፤ ሸዋዬ ማለት ለአፋቸው ከብዷቸው ነበር።

በዚህ ሥራ ማዕረግ አለ። ከላይ ዋናው አሠልጣኝ፣ ከሱ ሥር የማጥቃትና የመከላከል ኃላፊዎች፣ ቀጥሎ የየቦታው አሠልጣኞች ናቸው። የማሽኑ ሠራተኛ ከሁሉም ታች ነው። እኔ ከዚያ ተነሥቼ፣ የአሠልጣኝነት ኮርሱን ወስጄና ፈተናውን አልፌ የሪሲቨሮች አሠልጣኝ ሆንኩ። ሪሲቨር ማለት ወደ ፊት ሮጦ፣ ወርዋሪው የላከለትን ኳስ የሚቀበል ተጫዋች ነው። አውቶቡሱን ግን አልተውኩም፤ የጤና ኢንሹራንሴ ያለው እዚያ ነዋ!

አያያዙን እንዲህ ነበር የማስተምረው። ኳሱ ከደረት በላይ ከመጣ ሁለቱ አውራ ጣቶች ይገናኛሉ፤ ከወገብ በታች ከመጣ ትንንሾቹ ጣቶች ይገናኛሉ። ከተያዘ በኋላ ደግሞ ሾጣጣው ጫፍ በጣቶች ይሸፈናል፣ ሌላው ጫፍ ብብት ውስጥ ይገባል፣ ክንድ ከጎድን ጋር ያጣብቀዋል። መያዝ አንድ ሥራ ነው፤ ሲመቱት አለመልቀቅ ሌላ ሥራ ነው። ብዙ ልጅ የመጀመሪያውን ችሎ ሁለተኛውን ይረሳል።

ሁለተኛውን የማስተምረው አውቶቡሴ ላይ ነበር። ወደ ውድድር ስንሄድ እያንዳንዱ ሪሲቨር ኳሱን አቅፎ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ያለው እስክንደርስ ድረስ በቡጢ መምታት፣ መጎተትና መቆንጠጥ ይፈቀድለታል። ኳስ የጣለ ደርሰን ስንወርድ የሁሉንም ሻንጣ ይሸከማል። አንድ ቀን ሮዝዌል ወደምትባል ከተማ ስንሄድ የመከላከል አሠልጣኛችን ራሱ ሊሞክር ገባበት፤ ኳሱን ጣለና ሻንጣዎቹን እሱ ተሸከመ። ልጆቹ እስከ መልበሻ ክፍል ድረስ እያጨበጨቡ አጀቡት።

ኪሩቤል የመጣልኝ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር በ2010ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ወላጆቹን ከቤተ ክርስቲያን አውቃቸዋለሁ። አባቱ ጋሽ ሰይፉ ኤርፖርት ሻትል፣ ማለትም የመንገደኛ ማመላለሻ፣ የሚነዱ፣ እናቱ ወይዘሮ አልማዝ አረጋውያንን የሚንከባከቡ፣ ሰው የሚወዱ ባልና ሚስት ናቸው። ልጁ ሲሮጥ ማየት ደስ ይላል። ከማሽኑ የሚወጣውን ኳስ አንድም አይስትም። አርብ ማታ ውድድር ላይ ግን ኳሱ እጁን ነክቶ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ድሮፕ ይሉታል፤ ለሪሲቨር ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

ጓንት ቀየርንለት። የጣቶቹን አቀማመጥ አንድ በአንድ አየሁ፤ እንከን አላገኘሁበትም። ማሽኑ ፊት አቁሜ እጁ እስኪዝል አስያዝኩት፤ ሁሉንም ያዘ። ግራንት “ልጁ መመታት ይፈራል” አለ። እኔ ሌላ ምክንያት ስላልነበረኝ እንደገና ማሽኑ ፊት አቆምኩት።

በመጨረሻ ግራንት ቁርጡን ነገረኝ። “የፊታችን አርብ የመጨረሻ ዕድሉ ነው። ካልያዘ ወደ መከላከል ይሄዳል።” የእኛ ልጆች መከላከልን እጅ የሌለው ሪሲቨር የሚጣልበት ቦታ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። ኪሩቤል ሲሰማ አውቶቡሱ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሹራቡ ሸፈነ። “ኮች፣ ሪሲቨር ካልሆንኩ ኪዊት አደርጋለሁ፣ ጨዋታውን እተዋለሁ” አለኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እነ ጋሽ ሰይፉ ምሳ ጠሩኝ። ኪሩቤል ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ማዕዱ ላይ ተቀመጠ። “ኮች፣ አንቺ ሚጥሚጣ ትወጃለሽ?” ሲለኝ አባቱ ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ ተቆጡ።

“አንቱ በላቸው! መምህርህ ናቸው እኮ!”

“ሶሪ፣ ዳድ። ኮች፣ እርስዎ ትወጃለሽ?” አለና ሁላችንንም አሳቀን።

ወይዘሮ አልማዝ ዶሮውን በወፍራሙ ጠቅልለው ልጃቸውን ሊያጎርሱ እጃቸውን ዘረጉ። ኪሩቤል አፉን ከፈተ። ጉርሻው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ዓይኑን ጨፈነና ፊቱን ወደ ትከሻው ዞር አደረገ። ወጡ ሸሚዙ ላይ ተንጠባጠበ።

“ድሮም እንዲህ ነው፤ አንድ ሸሚዝ አላተረፈልኝም” አሉ እናቱ እየሳቁ።

እኔ ግን እጄ ላይ የነበረውን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩ። “ወይዘሮ አልማዝ፣ እባክዎ ይድገሙለት” አልኩ።

ደገሙለት። ጨፈነ። ጋሽ ሰይፉ “እስቲ ከኔ” ብለው ሞከሩ፤ አሁንም ጨፈነ፣ አሁንም ዞር አለ።

“ኮች፣ ፕሊስ፣ ጠገብኩ!”

“ለምንድን ነው ዓይንህን የምትጨፍነው?”

“አይ ስዌር፣ አልጨፈንኩም!”

አልዋሸም፤ አያውቀውም ነበር። እናቱ በስልካቸው ቪዲዮ እንዲያነሡ አደረግሁና ራሴ አጎረስኩት። ቪዲዮውን ሲያይ አፉን እንደሞላ ቀረ። “ኖ ዌይ! ማሚ፣ ዲሊት አድርጊው!” እያለ ስልኩን ሊቀማቸው ቤቱን ዞረ። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ አጨበጨብኩ። ጋሽ ሰይፉ ሚስታቸውን “ሴትዮዋ ደህና ናቸው?” ብለው ሲጠይቁ ሰማኋቸው።

ነገሩ ተገለጠልኝ። ማሽን ኳስ የሚልከው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው፤ እጅ ቦታውን ከለመደ ዓይን ቢጨፈንም ይይዛል። ሰው የወረወረው ኳስ ግን መጨረሻ ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ኪሩቤል ያቺን መጨረሻ አያያትም ነበር።

ሰኞ ማሽኑን አጠፋሁት። ኳሶቹ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ፊደል ጻፍኩና ከቅርብ በእጄ እየወረወርኩ፣ ሳይዝ በፊት ፊደሉን እንዲጠራ አደረግሁት። ማታ ማታ ደግሞ እናቱ ዓይኑን ካልገለጠ ራት አይሰጡትም። ሐሙስ ዕለት፣ “ኮች፣ ትናንት ሸሚዜ ክሊን ነው!” ብሎ እየጮኸ አውቶቡስ ውስጥ ገባ።

አርብ ደረሰ። ጋሽ ሰይፉና ወይዘሮ አልማዝ ከሥራ ፈቃድ ወስደው መጡ። ወርዋሪያችን ለኪሩቤል ኳስ ላከለት፤ እጁን ነክቶ ወደቀ። ግራንት ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረ። ልጁ ግን እየሮጠ መጣና ትከሻዬን ያዘ።

“ኮች፣ አየሁት! ሲወድቅ ራሱ አየሁት!”

ግራንት ሁለታችንንም እንደ እብድ አየን። “ወደ መከላከል!” አለ።

“ውድድሩ እስኪያልቅ ነው የተባባልነው” አልኩት። “አላለቀም።”

ሱፉን ተፍቶ ወደ ሜዳው ዞረ። እኔም ያን እንደ ፈቃድ ወስጄ ልጁን ወደ ጨዋታው መለስኩት።

ሊያልቅ ሲል እየተመራን ነበር። ኪሩቤል እየሮጠ ወደ መሃል ታጠፈ። ኳሱ ከጀርባው በኩል ዝቅ ብሎ መጣ፤ ለማንም የሚያስቸግር ነው። ራሱን ወደ ኋላ ሲያዞር፣ ትንንሾቹ ጣቶቹ ሲገናኙ፣ ዓይኑ ፍጥጥ ሲል አየሁ። ያዘው። ወዲያው ሁለት ተከላካዮች ከግራና ከቀኝ መጡበት። ሦስቱም፣ ኳስ ይዞ የደረሰ ነጥብ የሚያገኝበት የጎል መስመር ላይ ተደራርበው ወደቁ።

ዳኞቹ አንድ በአንድ አነሷቸው። ከሥር ኪሩቤል ኳሱን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ዳኛው እጆቹን ወደ ላይ አነሣ፤ ነጥቡም ውድድሩም የእኛ ሆነ። ከዚያ ኳሱን ቢጠይቀው ልጁ እምቢ አለ። ግራንት ራሱ ሜዳ ገብቶ፣ “ስጠው፣ አልቋል፣ ስጠው!” እያለ ለመነው። እኔ እንባዬ እየወረደ እስቅ ነበር።

“ሰኞ የት ይሰለፍ?” አልኩት ግራንትን ሲመለስ።

“ካንቺ ጋር ነዋ!” አለኝና ከረጢቱን ዘርግቶ ሱፍ ሰጠኝ።

አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ ወይዘሮ አልማዝ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ጠበቁኝ። ለካ ጋሽ ሰይፉ ኳሱ ሲመጣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው፣ ሰው ሁሉ እየጨፈረ፣ “ያዘው? አልማዝ፣ ያዘው ወይ?” እያሉ ኖሯል።

ኪሩቤል እስኪመረቅ ድረስ ሪሲቨር ሆኖ ተጫወተ። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለአዲስ አሠልጣኞች የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፦ ኳስ የሚጥል ልጅ ሲመጣላችሁ እጁን ከመመርመራችሁ በፊት ዓይኑን እዩ።