ጎንበሴ

ጎንበሴን የገደልኳት እኔ ነኝ። መንደሩ «አላህ ያመጣው ነው» ይላል፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም «የእግዜር ቁጣ ነው» ይላሉ። ደግ ሰዎች ስለሆኑ ጥፋቴን ወደ ላይ ይልኩልኛል። እኔ ግን ግንበኛ ነኝ፤ የሠራሁትን አውቃለሁ።

ጎንበሴ ከውጫሌ ወረድ ብሎ፣ ከአምባሰል ግርጌ የምትፈስ ትንሽ ጅረት ነበረች። በበጋ በአንድ እርምጃ ትሻገራታለህ፤ ነጥፋ ግን አታውቅም። ሰው ይጠጣታል፣ ከብት ይጠጣታል፣ ከታች ያለው የሽንኩርት መደብ ሁሉ በእሷ ይኖር ነበር። የምትፈልቀው ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ነው። ዓይኗ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ወገቡን ያላጠፈ ሰው አይቀዳባትም።

ስሟም ከዚያ መጣ ይባላል። ልጅ ሆኜ እንደሰማሁት፣ አንድ ባላባት በበቅሎ መጣና ሳይወርድ «ውሃ አምጪልኝ» አለ። ውሃ ትቀዳ የነበረችው ሴት «እዚህ ጎንበስ ያላለ አይጠጣም» አለችው፤ ሲጠማው ወርዶ ጎንበስ ብሎ ጠጣ። እኛ ስናወራው ሴትዮዋ ሙስሊም ናት፤ ወደ ግሸን የሚሄዱ መንገደኞች ሲያወሩት ደግሞ ማርያምን ልትሳለም የመጣች ክርስቲያን ናት። እኔ ሁለቱንም ወሬ አልወደውም ነበር። ባላባቱ የጎነበሰው አንድ ቀን ነው። እናቴ ግን ከተዳረች ጀምሮ በቀን ሁለቴ ትጎነብሳለች። ለእሷ ማን ስም አወጣላት?

ሐይቅ ከተማ ግንበኝነት እየሠራሁ በየአረፋው ቤት ስመጣ፣ ወገቧ ከዓምናው ይበልጥ ታጥፎ አገኘዋለሁ። ሃያ ሊትር ጀሪካን በጣሳ እስክትሞላ ተደፍታ ስትቆይ አንጀቴ ይቃጠላል። አንድ ዓመት አላስቻለኝም።

«እማ፣ ዘንድሮ ቆመሽ ትቀጃለሽ» አልኳት።

«ኢንሻአላህ በል እንጂ» ብላ ሳቀች። ከዚያ አፏን ከፈት አደረገችና ምን ልትል እንደነበር ሳትነግረኝ ተወችው። እኔም አልጠየቅኋትም።

መንደሩ ሲሚንቶና ቱቦ አዋጣ፤ ጎረምሶቹ ድንጋይ ተሸከሙ። በምንጩ ዓይን ዙሪያ ግንብ ጀመርኩና እስከ ደረቴ አነሳሁት። ቱቦውን እናቴ ቆማ በምትደርስበት ቦታ አስገባሁ። ከሥሩም ጀሪካን የሚቀመጥበት መደብ ሠራሁ፤ ስታዝልም እንዳትጎነብስ ብዬ። ውሃው ግንቡ ውስጥ ይሞላል፣ ከፍ ይላል፣ በቱቦው ይወርዳል። ነገሩ ቀላል መሰለኝ። «እጅህ ይባረክ» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ።

ውሃው መውረድ የጀመረ ቀን ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ ጀሪካኗን መደቡ ላይ አስቀመጠች፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ እንደቆመች እስኪሞላ ጠበቀች። «ማሻአላህ» አለች። ያን ቀን ያየሁትን ፊቷን አልረሳሁትም። ብረሳው ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ቱቦው ቀጠነ። ከዚያ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ ምንም። ከፍ እንዲል ያስገደድኩት ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ በመሬት ውስጥ መንገዱን ቀየረ። ግንቡን በመዶሻ በአንድ ቀን አፈረስኩት። ከሥሩ ያገኘሁት እርጥብ ጭቃ ነበር፤ ሳይቆይ እሱም ደረቀ። ሌላ ቦታ ብቅ ብላ እንደሆነ ብዬ ሥራዬን ትቼ ገደል ለገደል ዞርኩ፤ የትም የለችም። ያ ረቢ፣ ምን አደረግሁ! ሽንኩርቱ መደቡ ላይ እንዳለ ደረቀ። እኛ ዱአ አደረግን፤ ቄሱም መጥተው ጸለዩ፣ ጠበል ረጩ። ክረምቱ መጣ፣ ዘነበ፣ ጎርፉ በአሸዋው ላይ አልፎ ሄደ። ዓይኗ ግን አልተከፈተም።

አሁን ውሃ የሚቀዳው ከታችኛው ወንዝ ነው፤ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አህያ ያለው በአህያ፣ የሌለው በጀርባው ያመጣል። እናቴ አህያ የላትም። እኔ ልቅዳልሽ ስላት «ወንድ ጀሪካን አዝሎ ሲሄድ ሰው ምን ይላል?» ብላ አሻፈረኝ አለች።

ባለፈው አረፋ ማግስት ከቋጥኙ ሥር አገኘኋት። ባዶ ጀሪካኗን እንዳዘለች ተደፍታ፣ ጆሮዋን ከደረቀው ዓይን አስጠግታለች።

«ምን ታደርጊያለሽ እማ?»

«ተመልሳ እንደሆነ ልስማ ብዬ ነው። ያኔም ተመልሳለች።»

«መቼ?»

አማቷ የነገረቻትን ነገረችኝ። ድሮ ሰዎች ከብት እንዳያደፈርሰው ብለው የምንጩን ዓይን በድንጋይ ከበው ውሃውን ከፍ አደረጉት፤ ውሃው ጠፋ። ድንጋዩን አነሱት፤ አልመጣም። አንዲት ሴት ግን በየቀኑ እየሄደች ጎንበስ ብላ ታዳምጥ ነበር። ስንት ክረምት እንዳለፈ አይታወቅም፣ አንድ ቀን ከቋጥኙ ሥር ውሃው ሲንቆረቆር ሰማች። ስሟ የመጣው ከዚያ ነው፤ ባላባቱና በቅሎው የኋላ ወሬ ናቸው። አማቶች ይህን ለምራቶቻቸው ይነግሩ ነበር፤ ከፍ አታድርጓት እያሉ። የሰሙት አሮጊቶች አልቀው የቀረችው እናቴ ብቻ ናት።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? በአላህ፣ አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበር?» ጮህኩባት። በዕድሜዬ እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም።

በእጇ ቋጥኙን ተደግፋ ተነሳች። የተነሳችው ግን እስከ ግማሽ ነው።

«ደከመኝ ልጄ» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ መቅዳት አማረኝ። የድሮ ወሬ ነው፣ ምናልባት ውሸት ይሆናል አልኩ።»

«አብሽሪ» አልኳት፤ እኛ አገር ምንም ማድረግ ሲያቅት የሚባለው እሱ ነው። ጀሪካኑን ከጀርባዋ ፈትቼ አዘልኩት። ሰው ምን ይላል አላለችም። ወደ ወንዙ ስንወርድ ከኋላዬ ትከተለኝ ነበር። ዞር ብዬ አየኋት። ምንም አልተሸከመችም፤ ቀና ግን አላለችም።