ቆይ ላንብበው

የወንድሜን ሚስት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ቆይ ላንብበው» ይላት ነበር። ዛሬ ደፍሮ በዚያ ስም የሚጠራት የለም። የውሃ ማጣሪያውን ሥራ የሚቆጣጠረውን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የምትጠብቀው እሷ ነበረች፤ እኔ እዚያው ክፍል ስልክ አንሺ ነኝ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ ትጽፋለች፣ ማሽኑም ይህን ፓኬጅ፣ የፕሮግራም ጥቅል ማለት ነው፣ ልጫን፣ ያንን ላጥፋ ብሎ ይደረድርና መጨረሻ ላይ «ልቀጥል? አዎ ወይስ አይ?» ይላታል። እሷ ታዲያ እጇን ከኪቦርዱ አንስታ መስመር በመስመር ታነባለች። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም፣ በንዴት እጨሳለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ወንድሜንም እንዲህ አንብበሽው ቢሆን ኖሮ አታገቢውም ነበር!» እላታለሁ።

«እሱንማ አንብቤ ነው ያገባሁት፣ እታለም» ትላለች። ዓይኗን ግን ከስክሪኑ አትነቅልም።

እውነቷን ነው፣ የምትፈራው ነገር ነበራት። ወንድሜ የሚሠራው ግቢው ጥግ ካለው፣ የውሃ ማከሚያው መርዛም ጋዝ ከሚቀመጥበት ክሎሪን ቤት ነው። ጋዙ ሲያፈተልክ ቀድሞ የሚነግር አፍንጫ ነው፤ የሱ አፍንጫ ግን አንድ ክፉ በሽታ ከያዘው ወዲህ ሞቷል። ድስት አጠገቡ ቢያር አያውቅም። አፍንጫው ያ ሰርቨር ነበር። ጋዝ ሲኖር ሰርቨሩ ክሎሪን ቤት ያለውን ደወል ያስጮኻል። ደወሉን የምታስጮኸው ፕሮግራም አሮጌ ናት፤ አንድ የጥንት ፓኬጅ ካልደገፋት አትሠራም። ስለዚህ ያንን ፓኬጅ ማንም አፕዴት እንዳይነካው ቆልፋዋለች።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ይህ አልዋጥለት አለ። «በአንድ አሮጌ ቁራጭ ምክንያት ሰርቨሩ ሁሉ ወደ ኋላ ይቅር? አዲሱን ጫኚው!»

«ለደወሉ ሌላ ፕሮግራም እስኪሠራለት ይታገሡኝ። አሮጌው ከጠፋ ደወሉ አብሮ ይጠፋል።»

«አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር ያስፈራሻል!»

አንድ ጠዋት ልጃቸውን ትኩሳት ያዘውና ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ መጥቶ ወንበሯ ላይ ጉብ አለ። ከስልኩ እያየ ትእዛዝ ጻፈ። ማሽኑ «ተቆልፏል» አለው፤ እሱ «ቁልፉን እለፈው» ብሎ አዘዘው። እንዳይጠይቀው ደግሞ ከትእዛዙ ጋር «ለሁሉም አዎ» የሚል ጨመረበት። መስመሩ እንደ ጎርፍ ወረደ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ ጌታዬ» አልኩት።

ሳቀብኝ። «አዩ? ምን ከባድ ነገር አለው!» ብሎ ወጣ። እኔም፣ ምላሴ ይቆረጥና፣ ለማንም ሳልናገር ስልኬን ማንሳት ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ተሽሎት እናቴ ዘንድ ትታው መጣች። ገና ስክሪኑን እንዳየች «ማን ነካው?» አለች። ነገርኳት። ቁጭ ሳትል ማንበብ ጀመረች፤ ቆልፋው የነበረው ፓኬጅ መጥፋቱን አየች። ከእጄ ስልኩን ነጥቃ ክሎሪን ቤት ደወለች። የወንድሜ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«አቤት የኔ እመቤት! ልጁ እንዴት ሆነ?»

«ደህና ነው። ደወሉ ጮኾ ነበር?»

«ኧረ ዛሬ ጸጥ ነው፣ ሰላም ነው» አለና አሳለ።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ዓይኔን ብቻ ቆጠቆጠኝ፣ ሽንኩርት የላጥኩ ይመስል። ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም። ደወሉ ካልጮኸ ምን ያስፈራኛል?»

«ውጣ! አሁኑኑ ውጣ!»

«ቆይ፣ ጫማዬን ላድርግ…» ሳሉ ያዘው።

ስልኩን ጥላ እየጮኸች በሩጫ ወጣች። እኔ ስልኩን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«ወንድሜ! ወንድም ዓለም!» አልኩ።

ሳሉ ቆሟል።