የአሸዋው ቆዳ

ጋሽ ጠብታን አንድ ተራ ቀን የሚያስከፍላቸውን ልቁጠር። ከበራቸው እስከ ጫካው ጫፍ ስምንት መቶ ሠላሳ እርምጃ ነው። ከዚያ ወዲያ ዳገት ስለሆነ በእርምጃ ሳይሆን በእረፍት ይቆጠራል፤ ሲወጡ ሦስት፣ ሲወርዱ አንድ። አንድ ጥንድ ካልሲ ይረጥባል። የግራ ጉልበታቸው ሁለት ጊዜ ይከዳቸዋል፤ አንዴ ይሰድቡታል፣ አንዴ ይለምኑታል። አንድ ሰዓት ተኩል ተንበርክከው ይሠራሉ። በመጨረሻም ከጫማቸው አንድ እፍኝ ጭቃ ይራገፋል፤ ያውም እኔ ጠዋት ወልውዬ ባደረቅሁት የጋራ ደረጃ ላይ።

ይህን ሁሉ አሁን ነው የማውቀው። ያኔ የማውቀው ጭቃውን ብቻ ነበር።

ጋሽ ጠብታ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። ሲያስሉ እሰማለሁ፣ ልጄ ሚጢጢ ስታለቅስ ይሰማሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በውሃ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታቸው አንድ ዓመት ነው የቀረው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ሰው ቤት ሻይ ተጋብዘው እንኳ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰሙ ፒንሳቸው ከኪስ ይወጣል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ጠብታ እየሰሙ መቀመጥ አይችሉም።

በጫካው ውስጥ ግን ምን እንደሚሠሩ ማናችንም አናውቅም ነበር። እዚያ አንድ የድሮ የድንጋይና የሲሚንቶ ነገር አለ። ልጆቹ የጦር ምሽግ ነው ይላሉ፤ አንዳንዱ የድሮ እስር ቤት ይለዋል። ከታች ሱቅ ያላት ፀጉር ሠሪዋ ጓደኛዬ ደግሞ የራሷ ሐሳብ ነበራት።

«ሽማግሌው በየቀኑ እዚያ ይገባል» አለችኝ ፀጉሬን እየጠቀለለች። «ደረቁን ገብቶ ረጥቦ ይወጣል። ምን እያጠበ ነው?»

«ውሃ ክፍል አይደል የሚሠሩት?»

«ውሃ ክፍል መሃል ከተማ ነው። አንቺ ደግሞ ሰው ማመን!»

በዚያው ሳምንት ጋሽ ጠብታ በሬን አንኳኩ። ትንሽ ቦርሳ ይዘዋል፤ ሸሚዛቸው ተተኩሷል።

«ሦስት ቀን የለሁም፣ የሚጢጢ እናት። ልጄ ወልዳለች።»

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ!»

«ስለ ውሃው አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ...»

«ሲመለሱ ይንገሩኝ፣ ወተት ጥጄ ነው» አልኩና ዘጋሁት። ምንም የተጣደ ወተት አልነበረም። ጭቃ ባለው ጫማ ደጄ ላይ እንዲቆሙ ስላልፈለግሁ ነው።

እሳቸው በሄዱ በሰዓቱ እኔና ፀጉር ሠሪዋ ዳገቱን ወጣን። ሚጢጢን ከፀጉር ሠሪዋ እናት ጋር ሱቁ ውስጥ ትተናታል። ነገሩን ያገኘነው ትላልቅ ግንዶች መሃል ነው። ወገቡ ድረስ መሬት ውጦታል፤ ከታች የተጠረበ ድንጋይ፣ ከላይ ዝናብ ያጠቆረው ሲሚንቶ። መስኮት የለውም፣ በር የለውም። ጣራው ላይ ሁለት የብረት ክዳን አለ፤ ሁለቱም በሽቦ ታስረዋል።

«ሬሳ ከሆነ እኔ አልነካም» አለች።

«ሬሳ ከሆነ እሱም አይነካሽም። ሽቦውን ያዥልኝ።»

የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ አሸዋ ብቻ ነበር፣ እንደተነጠፈ አልጋ የተስተካከለ። ሁለተኛውን ስንከፍት ውሃ አገኘን፤ ከሥሩ ደግሞ አሸዋው ላይ ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ የሚያሙለጨልጭ ነገር ተጋድሟል። ረግረግ ረግረግ ይሸታል። ከግድግዳው አንድ ትልቅ ቱቦ ይወጣና በቁልቁለቱ ይወርዳል። በዓይናችን ተከተልነው። የሚሄደው ወደኛ ሰፈር ነው።

«እንግዲህ» አለች ፀጉር ሠሪዋ አፏን ይዛ፣ «ስንጠጣው የኖርነው ይሄን ነው?»

ደሜ ፈላ። እኔ የልጄን ጡጦ ሁለት ጊዜ አጥባለሁ፤ ሰውየው ደግሞ ዝቃጭ ላይ ቁጭ ብለው ደመወዝ ይበላሉ! ማንንም አልከሰስኩም፤ ክስ የኔ ጠባይ አይደለም። የኔ ጠባይ እጅጌዬን መሰብሰብ ነው። በማግስቱ ጠዋት ባልዲ፣ ቡሩሽ፣ አካፋና ሁለት ጠርሙስ በረኪና ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ውሃ የሚያስገባውን ቫልቭ ዘጋሁት። ቀትር ላይ አሸዋው ብቅ አለ። ገብቼ አረንጓዴውን እየዛቅሁ ወደ ውጭ ጣልኩት፣ አሸዋውን በአካፋ አገላበጥኩት፣ በረኪናውን አፈሰስኩበት፣ ግድግዳውን ፈተግሁት። ከዚያ ቫልቩን መልሼ ከፈትኩ። ስጨርስ ወለሉ እንደ ሆቴል መታጠቢያ ነጭ ሆኖ ነበር። ቁልቁለቱን ስወርድ እያንጎራጎርኩ ነበር፤ ይህን ብደብቀው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እያንጎራጎርኩ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። በባዮሎጂ ፈተና በዓይን ከማይታዩ ፍጥረታት ውስጥ ጎጂም ጠቃሚም አሉ የሚለውን በትክክል መልሼ ነበር።

በዚያ ማታና በማግስቱ ውሃው በረኪና በረኪና ሸተተ። በኋላ ደግሞ ደፈረሰ። ጋሽ ጠብታ በአራተኛው ቀን ተመለሱ። ከቧንቧ አንድ ብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን አነሱት፤ ቦርሳቸውን ደረጃው ላይ ጥለው ወደ ጫካው ሄዱ። ቫልቩን ዘጉት፤ ግን የወረደው ወርዷል። በማግስቱ አሥራ አራት ልጆች ሆዳቸውን ታመው ጤና ጣቢያ ገቡ። አንዷ ሚጢጢ ነበረች።

የጤና ጣቢያው መተላለፊያ ላይ ሚጢጢን ታቅፌ ሳለሁ ጋሽ ጠብታ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት እርጥብ ነው። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ምን ሆኖ ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«የማጣሪያው አሸዋ ቆዳ አለው ልጄ። አረንጓዴ ነው፣ ሲያዩት ያስጠላል። ነገር ግን ነፍስ አለው፤ በሽታውን የሚበላልን እሱ ነው። አሸዋው መቀመጫው ነው እንጂ ብቻውን እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይሠራም። ሲወፍር ከላይ ከላዩ ስስ አድርጌ እላጨዋለሁ፤ ከዚያ ክፍሉን ዘግቼ እስኪያድግ ሦስት ሳምንት አሳርፈዋለሁ፣ ሌላኛው ይሠራል። አሁን የሚሠራውን ቆዳ አንድ ሰው ገፍፎት በረኪና አፍስሶበታል።» ቀጥለውም፣ «ምን አድርገነው ይሆን? እንዲህ የሚጠላን ሰው ማን ነው?»

የሚጢጢን ካልሲ አወልቄ መልሼ አጠለቅሁላት። 

የውሃ ክፍሉ ኃላፊ ሰው መያዝ ነበረበትና የያዘው ጋሽ ጠብታን ነው። ያለ ተተኪ ሥራ ጥለዋል ተባለ። በእርግጥ ተተኪ የለም፤ ሥራውን የሚያውቀው እሳቸው ብቻ ናቸው። ታገዱ። ረቡዕ በስብሰባ ይታያል፣ ጥፋቱ የሳቸው ከሆነ ይሰናበታሉ፣ ጡረታውም ይቀራል ተባለ።

ፀጉር ሠሪዋ በሩን ዘግታ ጆሮዬ ላይ ተለጠፈች። «ዝም በይ። እኔ አልሄድኩም፣ አንቺም አልሄድሽም።»

«ሄደናል እኮ።»

«እሱን ለእግዜር ንገሪው። ለውሃ ክፍል አትንገሪ!»

ዝም አልኩ። ባሌ ሹፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነበር፤ በስልክ ስንነጋገር ለሱም አልነገርኩትም። ቧንቧው ተዘግቶ ሰፈሩ ከቦቴ መኪና ይቀዳል። ሚጢጢ ከጤና ጣቢያ ወጥታ ቤት ተኝታለች። በየጠዋቱ በሬ ይንኳኳል፤ ስከፍት ጋሽ ጠብታ ናቸው፣ አፍልተው ያቀዘቀዙትን አንድ ጀሪካን ውሃ ይዘው።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎ...»

«ልጅ ታሞብሽ፣ ባልሽ መንገድ ላይ ሆኖ፣ ማን ይቅዳልሽ?»

ጫማቸውን ደረጃው ሥር አውልቀው በካልሲ ነበር የሚወጡት። ደረጃዬን እንዳያቆሽሹ። ሰው ቢሰድበኝ እመልስለታለሁ፣ ቢመታኝ እጮኻለሁ፤ ያን ካልሲ ሳይ ግን ጀሪካኑን ተቀብዬ በሩን ዘግቼ ከበሩ ጀርባ ቁጭ አልኩ፤ ሦስት ጠዋት እንዲሁ።

ማክሰኞ ግን ወዲያው አልሄዱም። ጀሪካኑን አስቀምጠው ግድግዳውን ተደገፉ።

«እኔ ልሆን እችላለሁ፣ የሚጢጢ እናት። ሌሊቱን ሳስበው ነበር። ከመሄዴ በፊት ክፍሉ ተምታቶብኝ የሚሠራውን ላጭቼው ይሆን? ስልሳ ልደፍን ነው፤ ሰው ይረሳል።»

«በረኪናውስ?» ከአፌ አመለጠኝ።

«እሱማ... አፍንጫዬም አርጅቶ ይሆናላ።» ሊስቁ ሞከሩ። «ነገ ረስቼ ነው እላቸዋለሁ። ሰፈሩ ማን ነው ማን ነው እያለ እርስ በርሱ ከሚተያይ እኔ ብረሳ ይሻላል።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተሳሳተ እጃቸውን እየተጠራጠሩ ነው። ያንን የሰረቅኋቸው እኔ ነኝ። ያኔ እንኳ በሬ ላይ አልነገርኳቸውም። ይህንንም እጽፈዋለሁ፤ «እሺ ጋሼ» ብዬ ገባሁ።

ረቡዕ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኃላፊው ወረቀቱን አንብቦ «የሚሉት አለዎት?» አላቸው። ጋሽ ጠብታ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሳይናገሩ ቀድሜ ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ። ቆዳውን የዛቅሁት እኔ ነኝ። በረኪናውም የኔ ነው።»

«ማን ላከሽ?» አለ ኃላፊው።

«ማንም። ቆሻሻ መስሎኝ... ላጸዳው ብዬ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ወዲያው ግን አንዲት እናት «ልጄ ሦስት ቀን ግሉኮስ ላይ ነበረች!» ብላ ጮኸች፤ ሳቁ ቆመ። ወደ እሷ መዞር አቃተኝ። ፀጉር ሠሪዋ መሬት መሬት ታያለች፤ ስሟን አላነሣሁም፣ አካፋውን የያዝኩት እኔ ነኝና።

ጋሽ ጠብታ ወደኔ ዞሩ።

«ስንት ጠርሙስ?» አሉ።

«ሁለት።»

«ሙሉ?»

«ሙሉ።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እንግዲያው አሸዋው በሙሉ መውጣት አለበት» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። እገዳው እዚያው ተነሣ። ውጭ ስንወጣ ተከትያቸው «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አልኩ።

«ግድግዳ ተጋርተን አራት ዓመት» አሉ ሳይዞሩ። «በቡጢ አንዴ ብትደበድቢው እሰማሽ ነበር።» ይቅር ብያለሁ አላሉም። «ነገ አካፋሽን ይዘሽ ነይ» አሉ እንጂ።

ዐሥር ቀን አሸዋ አወጣሁ፣ አጠብኩ፣ መለስኩ። ፀጉር ሠሪዋም በሦስተኛው ቀን የሠርግ ጫማ በሚመስል ነገር መጣች፤ «ስፖርት ነው ብዬ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ያረፈው ክፍል ደርሶ ሰፈሩ ውሃ አገኘ። እኛ ያጠብነው ግን ገና ባዶ ነጭ ነበር። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው። ጋሽ ጠብታ በየጠዋቱ ክዳኑን ከፍተው ያዩና «ገና» ይላሉ። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠርዙ ላይ ወተት ላይ እንደሚያርፍ ስልባቦት ያለ ስስ ነገር አየሁ። እጄን ልዘረጋ ስል ጎትተው መለሱኝ። ያኔ ነው መጀመሪያ የሳቁት።

ሚጢጢ ድናለች፣ ሌሎቹም ልጆች ድነዋል። ያቺ እናት ግን መንገድ ላይ ስታየኝ ልጇን በሌላ እጇ ትይዛለች፤ መብቷ ነው። እኔም ከጋሽ ጠብታ ጋር ስናወራ ዛሬም የምመለከተው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ነው። እፍረቱ ከቀን ወደ ቀን እየለቀቀኝ እንደሚሄድ ተስፋ አደርጋለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራውን ያስተምሩኛል፤ ጡረታ ሲወጡ የሚያውቅ ሰው እንዲኖር።

ይህን ጽፌ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና «ስለ እኔ በዝቷል» አሉ። «ሰው የሚያነበው ከሆነ ግን አንድ ነገር ለምኚልኝ። ከማጣሪያው በላይ፣ ውሃው በሚመጣበት ጅረት ዳር፣ ልብስ የምታጥቡ ሰዎች፣ እባካችሁ ውሃውን ከሚቀበለው ቱቦ በታች ውረዱ። ሳሙናው ቆዳውን ይገድለዋል። ካላመናችሁኝ ቅዳሜ ጠዋት ኑ፤ ክዳኑን ከፍቼ አሳያችኋለሁ። እጃችሁን ብቻ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉልኝ።»