የሰባቱ ሰዎች ዕድሜ

ከማተሚያው የወጣ ትኩስ ወረቀት ሽታ ዛሬም የጋዜጣ ዝግጅት ክፍላችንን በር ስከፍት ይቀበለኛል። በዚያ ሽታ የማስታውሰው ድሬዳዋ የተማርኩበትን የግል ዩኒቨርሲቲ፣ ከበሩ ፊት ለፊት የነበረውን ኮፒ ቤትና የመመረቂያ ጥናት አጋሬን ነው።

እሷ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነበረች፤ ሱማሌኛ ትናገራለች፤ እኔ አልችልም። ከከተማው ውጭ ያሉ የጀልዴሳ አርብቶ አደሮች በበጋ ውሃ ከየት እንደሚያገኙ ስድሳ ሰው መጠየቅ ነበረብን። እሷ ትጠይቃለች፣ ትተረጉምልኛለች፤ እኔ እጽፋለሁ። ዕድሜ ስንጠይቅ ቁጥር የሚነግረን አልነበረም። አንድ ሽማግሌ «ጎርፍ ግመሎቻችንን የወሰደ ዓመት ፍየል እጠብቅ ነበር» አሉን። ገምቼ ቁጥር ላስገባ ስል እስክሪብቶዬን ያዘችው።

«አቦ፣ ያሉትን ጻፍ! አንተ ነህ ያዋለድካቸው?»

አባቷ ነጋዴ ናቸው። በዚያው ዓመት ካልተመረቀች ሱቅ እንደምትገባ ነግረዋት ነበር። ይህን እየሳቀች ነበር የምታወራው።

ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው ሰባት መጠይቅ ጎደለን። እሷ ታማ ተኝታለች። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሰባቱንም ከራሴ ሞላሁና ሳልነግራት አስረከብኩ። ለእሷ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። ሙቀቱም ነበር፤ መንገዱም ሰልችቶኝ ነበር።

በሳምንቱ አማካሪያችን ጠራን። ከክምሩ ሰባቱን ለይቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ከላይ የጣሪያው ማራገቢያ ይንቋቋል።

«ሠላሳ ሰባት። አርባ ሦስት። ሃምሳ አንድ» እያለ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። «ከጀልዴሳ ሰው የልደት ካርድ ያላቸው እነዚህ ሰባቱ ብቻ ናቸው? ማን ነው የሞላው?»

እሷ ወረቀቶቹን አየች፤ ቀጥላ እኔን። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

«ስማችን አንድ ላይ ነው የተጻፈው፣ ቲቸር። የሁለታችን ነው።»

ዝም አልኩ። ከዚህ የተሻለ አድርጌ ልነግርህ አልችልም፤ ዝም አልኩ። ጥናቱ ተሰረዘ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከመጀመሪያው እንድንሠራ ተወሰነ። ደረጃውን ስንወርድ «ለምን እንዲህ አልሽ?» አልኳት።

«ወላሂ፣ ዛሬ ገና መጠየቅ ጀመርክ?» አለችኝ።

በዓመቱ ብቻዬን ተመዘገብኩ። እሷ ሱቅ ገብታለች። ሌላ አስተርጓሚ ይዤ ጀልዴሳ ተመለስኩና ስድሳውንም ሰው እንደ አዲስ ጠየቅኩ፤ ያሉትን ብቻ ጻፍኩ። ከመጨረሻዎቹ አንዷ፣ ባለፈው ዓመት የግመል ወተት ያጠጡን እናት ነበሩ። ወረቀቴን ገና ሳልዘረጋ እሳቸው በአስተርጓሚው በኩል ጠየቁኝ።

«ያቺ ልጅስ? ትምህርቷን ጨረሰች?»

«ጨርሳለች» አልኩ።

እልል አሉ። ውጭ የነበሩት ልጆቻቸውም ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀበሏቸው። እልልታው እስኪያልቅ ጠበቅሁና የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩ።