አጎቴ ሲያማርጥ

አጎቴ ሰዓት ጠጋኝ ነው። የጠገነውን ሰዓት ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት ደጋግሞ ይፈትሸዋል፤ ትንሽ እንኳ ወደኋላ ከቀረ እንደገና ይፈታዋል። ለሰዓት ደግ ጠባይ ነው። ለሌላው ነገር ግን ሰው ይጨርሳል።

እናቴ ጡረታ እስክትወጣ የቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቃል ስትተይብ ኖራ፣ ዓይኗ መድከም ሲጀምር የራሷን ታሪክ መጻፍ አማራት። «እየነገርሽኝ ልጻፍልሽ» ብላት፣ «ጸሐፊዋ እኔ ነኝ» አለችኝ። ሐኪሙ ብርሃኗ ቀስ በቀስ እንደሚጠፋ ነግሯታል። ጣቶቿ የሚያውቁት ደግሞ ቢሮ የቀረውን የጽሕፈት መኪና ነው። በኮምፒውተር የፊደሉ አቀማመጥ ሌላ ስለሆነ፣ ዓይኗ ሳይከዳት መልመድ ነበረባት።

ቤት ያለው ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ለመከፈት እንኳ ልመና ይፈልጋል። አጎቴ «ሊኑክስ እጭንልሻለሁ» አላት። ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ፣ ውስጡ ለማንም ክፍት የሆነ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ ለአሮጌ ማሽንም ይስማማል። ችግሩ ዓይነቱ መብዛቱ ነው። ኡቡንቱ አለ፣ ሚንት አለ፣ ዴቢያን አለ፤ ጀማሪ ደግሞ ሁሉም ያምረዋል።

በየሳምንቱ አንዱን በፍላሽ ይዞ ይመጣል። ይጭናል፣ ያጠፋል። አንዴ ድምፁ፣ አንዴ የፊደሉ ቅጥነት አልጥም ይለዋል። የሰዓት መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ስክሪኑን ሲመረምር በሳቅ ፈርሻለሁ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ የምፈልገው መጻፊያ ብቻ ነው። ይሄኛው ምን አነሰው?» ትለዋለች።

«እታለም፣ ትንሽ ታገሺኝ። ላንቺ እንከን ያለበት ነገር አልሰጥም።»

«ሲያማርጡ ከምራጭ እንዳይሆንብህ።»

ከልቡ ነበር፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ተጣልቼው በተገላገልኩ።

በመጨረሻ ሚንትን መረጠ። በዚያ ሰሞን እናቴ እኔን የምትለየኝ በድምፄ ነበር። ቅር እንዳይለው ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ቀጥ ብላ፣ እንደ ቢሮ ጊዜዋ። ጣቶቿ በለመዱት መንገድ ሮጡ። ለረጅም ጊዜ ጻፈች፤ እንደዚያ ስትደሰት ካየኋት ቆይቻለሁ።

«እስቲ አንብብልኝ» አለችው።

ስክሪኑ ላይ የነበረው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው። አጎቴ አየው።

«ጥሩ ነው፣ እታለም።»

«ጥሩነቱን ተወው። የጻፍኩትን አንብብልኝ።»

እጇን ከፊደሎቹ ላይ አንስቶ በሁለት እጁ ያዘው።

«በደልኩሽ» አላት።