ከሸቤ የመጣው ምርኮኛ

ትእዛዙ የደረሰን ረፋድ ላይ ነው፦ ሶማሊያ ውስጥ አንዲት ኮረብታ ይዘን የውኃ ቦቴ የሚያልፍበትን መንገድ ከአክራሪ ታጣቂዎች እንድንጠብቅ። ኮረብታዋ ራሰ በራ ነበረች። እኔ ጅማ አጠገብ ያለችው የሰርቦ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ቡና ጫካ ውስጥ ነው። መጠለያ ዛፍ የሌለበት ቦታ ስቆም ገና ተኩስ ሳይሰማ ፍርሃት ያዘኝ።

ምሽግ ቆፈርን። መሬቱ ድንጋይ ስለሆነ እስከ ወገባችን እንኳ አልዘለቀም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በመገናኛ ሬዲዮናችን የማናውቀው ሰው ገባ። የሚናገረው በአማርኛ ነው።

«እጃችሁን ስጡ። ውኃችሁ ማለቁን እናውቃለን። ማሎ፣ በከንቱ አትሙቱ።»

ማሎ በኦሮምኛ «እባክህ» እንደማለት ነው፤ ጅማ ላይ አማርኛ ስንናገርም ከአፋችን አይጠፋም። ጓዶቼ ወደ እኔ ዞሩ። ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም። ግን ዞሩ።

አጠገቤ የነበረው የወሎ ልጅ፣ አሥር አለቃ ደምሴ፣ «ሙክታር፣ ያገርህ ሰው ነው እንዴ?» አለኝ።

«አነጋገሩ የጅማ ነው።»

«ታዲያ ከነዚህ ጋር ምን ይሠራል?»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጅማ ሄርማታ መስጊድ ጎኔ ቆሞ የሰገደ ሰው ቢሆንስ እያልኩ አሰላስል ነበር።

ንጋት ላይ መጡብን። መጀመሪያ ሞርታር፣ ቀጥሎ መትረየስ። የግራው ምሽግ ተመታ። ሦስት ሰዎቻችን እዚያው ቀሩ። የጋንታ መሪያችን መቶ አለቃ ግርማ «ግራውን ዝጉ!» አለ። ዘጋን። ጥይት እየቆጠብን ተኮስን። ፀሐይ ከፍ ስትል አፈገፈጉ። ከፊታችን አስከሬኖችና አንድ ቁስለኛ ቀሩ።

ቁስለኛው ገና ጢሙ በቅጡ አልበቀለም። ሆዱን ተመትቷል። ሐኪማችን ሲያስርለት በአማርኛ ውኃ ለመነ። ድምፁን ለየሁት። የሬዲዮው ነው።

«የየት ልጅ ነህ?» አልኩት በኦሮምኛ።

«የሸቤ።» ስሙ ናስር ነው። ጅማ ኮሌጅ ሲማር የታጣቂዎቹ ሰዎች በስልክ ቀረቡት። ወራት ሙሉ ቪዲዮ ላኩለት፤ ሰበኩት። ቤተሰቡን «ዱባይ ሥራ አገኘሁ» ብሎ ወጣ።

«አታለሉህ?»

«ተታልዬ ነው ብልህ ደስ ይልሃል» አለኝ። «አምኜ ነው የመጣሁት።»

ልመልስለት ስል ሬዲዮው ጮኸ። ቦቴው እየመጣ ነው፣ ድልድዩን አልፏል። የናስር ፊት ተለዋወጠ። እጅጌዬን ጨበጠ።

«ማሎ፣ አስቁማቸው። ከድልድዩ ወዲህ፣ የፈረሰው ግንብ ጋ ፈንጂ ቀብረናል። እኔም ነበርኩ።»

ለመቶ አለቃው ነገርኩት። ደምሴ ቀድሞ ተናገረ፦ «ወጥመድ ቢሆንስ? ሜዳ ላይ አስቁመን ብናስመታቸውስ?» እውነቱን ነው። እኔም ያንኑ እየፈራሁ ነበር።

መቶ አለቃ ግርማ አየኝ። «ቋንቋውን የምታውቀው አንተ ነህ። ይዋሻል?»

የልጁን ዓይን አየሁ። ብሳሳት ሰዎቹ በእኔ ቃል ይሞታሉ፤ ያገሩን ልጅ አመነ መባሌም አይቀርም።

«አስቁሟቸው» አልኩ።

ቦቴው ቆመ። ፈንጂ አምካኞቹ በእግር ቀደሙ። እኛ መንገዱን እያየን ጠበቅን። ድንገት ምድሩ ጓ አለ፤ ከግንቡ በኩል አቧራ ተነሣ። ምሽጉ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ደምሴ ትከሻዬን ያዘኝ።

ከዚያ ሬዲዮው፦ «አግኝተን እኛው አፈነዳነው። ሁላችንም ደኅና ነን።»

ለናስር ልነግረው ዞርኩ። ሰምቷል። ውኃው ሲደርስ መጀመሪያ ከንፈሩን ያራስኩት እኔ ነኝ። «ለአባቴ ዱባይ እንዳልነበርኩ ንገረው» አለኝ። ሊወስደው የተጠራው ሄሊኮፕተር ሳይደርስ ሞተ። ነፍሱ ሳትወጣ ሸሃዳ፣ የእስልምናውን ምስክርነት፣ አሰምቼው ነበር፤ ደምሴ ጉድጓድ በመቆፈር አገዘኝ።

የሠራዊቱን ልብስ ካወለቅሁ በኋላ ሸቤ ሄድኩ። የናስር አባት ቡና የተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቆመው እየለቀሙ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ኢናሊላሂ» አሉ፤ እጃቸው ግን ከቡናው አልተነሣም።

ቡናውን እያገላበጡ «ስንት ሰው ገደለ?» አሉኝ።

«በዚያ ቀን ከእኛ ሦስት ሞቱ። የማን እጅ እንደሆነ አላውቅም፣ አባ። ቦቴው ላይ የነበሩት ግን በእሱ ቃል ተርፈዋል።»

«የተረፉትን ተወው። የሦስቱን ስም ንገረኝ፤ ዱዓ ላድርግላቸው።»

«ዓለሙ። ከድር። ተስፋዬ።»

ስማቸውን እየደገሙ ሦስት ጣት አጠፉ። እዚያ ላይ ቆሙ። የልጃቸውን አልጨመሩም፤ እኔም ጨምሩ ለማለት አልደፈርኩም።

አሁን የሰርቦ ወጣቶች ስለ ጦርነቱ ሲጠይቁኝ ይህን እነግራቸዋለሁ። ማን ጀግና እንደነበር ለመናገር አልችልበትም። የዚያን ቀን ሙታን በስማቸው እየጠራሁ ስቆጥር ግን እኔ ዘንድ አራት ናቸው።