የዕድለኛዋ ሲቪ

ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ አፉን ሲይዝ ፌስታሉን አገጩ ሥር አደረሰችለት። በሌላው እጇ ከኋላው የተቀመጠችውን ሕፃን ቀበቶ እያጠበቀች ነበር። አስመልሶ ሲጨርስ አፉን ጠረገችለት፣ ፌስታሉን ቋጠረች፣ መስኮቱን ትንሽ ከፈት አደረገች። አውቶቡሱ ገና ከመታጠፊያው አልወጣም።

«ሆስተሷ፣ ምሳ እያቀረብሽ ነው ወይስ እየሰበሰብሽ?» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያያት።

«የተረፈ አለ፤ ለካፒቴኑ ላምጣልዎት ጋሼ?»

ስሙን ያወጣላት እሱ ነው። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ላይ ተቆጣጣሪ ሆና በገባች ሰሞን፣ የበረራ አስተናጋጅ መሆን እንደምትፈልግ አምልጧት ነገረችው። ከዚያ በኋላ ጥበቃውም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ ልጆቹም ሆስተሷ አሏት። መጀመሪያ ታፍር ነበር፤ እየቆየ ለመደችው። ያልለመደችው ዕድሜዋን ነው። አየር መንገዱ ከተወሰነ ዕድሜ በላይ አይቀበልም፤ የሚመጣው ልደቷ ደግሞ ያንን ድንበር ያሻግራታል። የዘንድሮው የቅጥር ማስታወቂያ ለጥቂት ደረሰላት። ይህ ካለፈ ለእሷ ሌላ የለም።

ምዝገባው ነገ ይዘጋል። ልጆቹን አውርዳ እንደጨረሰች የሥራ ሰደርያዋን አወለቀች፣ ሾፌሩን ተሰናብታ ወደ አየር መንገዱ ቢሮ ሄደች። ቦርሳዋ ውስጥ ታላቅ እህቷ የጻፈችላት ሲቪ አለ።

እህትየው ከመናኸሪያው ጀርባ የፎቶና የኮፒ ሱቅ አላት። ኮምፒውተሯ ውስጥ «ሆስተስ» የሚባል ፋይል ተቀምጧል። ከዓመታት በፊት አንዲት የጎረቤት ልጅ እዚያው ሱቅ ሲቪ አስጽፋ፣ በመጀመሪያ ሙከራዋ አየር መንገድ ተቀጠረች። ሰፈሩ ዕድለኛዋ ይላታል። ከዚያ ወዲህ አስተናጋጅ መሆን ያማራት ሁሉ ወደ ሱቁ ትመጣና «የዕድለኛዋን አድርጊልኝ» ትላለች። እህትየው ስሙን፣ የትውልድ ቀኑንና ፎቶውን ትቀይራለች። ሌላውን አትነካም፤ ዕድል ያለበትን ነገር መነካካት አትወድም።

ዕድለኛዋ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች፤ ስለዚህ ሁሉም ነበሩ። ዕድለኛዋ ፈረንሳይኛ ትችላለች፤ ስለዚህ ሁሉም ይችላሉ። ሆቴሉ ከፈረሰ ቆይቷል፤ እህትየው ይህንንም እንደ በጎ ነገር ነው የምታየው፣ ማን ሄዶ ሊጠይቅ። ለፎቶው ደግሞ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ የተሰቀለ ሰማያዊ ጃኬትና ቀይ የአንገት ልብስ አለ። ጃኬቱ ቀጫጮቹ ሲለብሱት ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል። ወፍራሞቹ ላይ እጅጌው ብቻ ይገባና ጀርባው ክፍት ይቀራል። ፎቶ ጀርባ አያሳይም።

ሆስተሷ የአውቶቡሱም ሥራ ይግባ ብላ ነበር። እህቷ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ «የሕፃን ትውከት ጠራጊ ብዬ ልጻፍልሽ?» አለቻት። እሷም ሐሳቧን ተወች። እውነቱን ለመናገር ሆቴሉ ለጆሮዋም ይጥማት ነበር።

የመመዝገቢያው ቢሮ ኮሪደር በአመልካች ተሞልቶ ነበር። ተራዋ ደርሶ ገባች። መዝጋቢዋ ራሷ ብዙ ዓመት በርራ ወደ ቢሮ ሥራ የወረደች ሴት ናት፤ ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃለች። ሲቪውን ተቀብላ መጀመሪያ ያየችው ፎቶውን ነው። ፊቱን ሳይሆን ጃኬቱን። ከዚያ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አለቻት። ሆስተሷ ፈገግ አለች። መዝጋቢዋ ደገመችው። ሆስተሷ ፈገግታዋን ሰፋ አደረገችው።

«ሆቴሉ ውስጥ በየትኛው ፈረቃ ነበርሽ?» አለች መዝጋቢዋ፣ አሁን ሁለቱም በሚችሉት ቋንቋ።

«በቀን።»

መዝጋቢዋ ከጎኗ ካለው ክምር ጥቂት ወረቀቶች አንስታ እንደ መጫወቻ ካርታ ዘረጋቻቸው። ሁሉም ላይ ያው ጃኬት፣ ያው ቀይ የአንገት ልብስ። ፊቱ ብቻ ይለያያል።

«እነዚህም የቀን ናቸው» አለች። «ማታ በሩን ማን ይከፍት ነበር?»

ሆስተሷ ክው አለች። መዝጋቢዋ ግን አልተቆጣችም፤ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ወረቀት ስታነብ የሰነበተች ሰው ድካም ብቻ ነው የሚታይባት። ዛሬ ጠዋት ከየት እንደመጣች ጠየቀቻት። ሆስተሷ ሳታስበው ከሥራ አለች፤ ምላሷን ብትነክስም ቃሉ ወጥቷል። ከምን ሥራ? ከትምህርት ቤት አውቶቡስ። መዝጋቢዋ ሲቪውን አገላበጠች። ስለ አውቶቡስ የሚል አንድ መስመር የለም።

«ይሄን ይዘሽ ሂጂ» አለቻት። «ነገ እስከ ምሳ ሰዓት ክፍት ነን። ከመጣሽ የራስሽን ይዘሽ ነይ።»

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን በየቤታቸው አድርሳ ሱቁ ስትደርስ እህቷ ኮፒ ማድረጊያው ላይ ቀለም እየሞላች ነበር። የሆነውን ነገረቻት። እህትየው ሆድ ባሳት።

«ያንቺ ሲቪ ነው የመለሰኝ ልትዪኝ ነው? ዕድለኛዋን ማን አስገባት ታዲያ?»

«ዕድለኛዋ እኮ እውነትም ሆቴል ሠርታለች፣ እትዬ።»

እህትየው የቀለሙን ክዳን አጥብቃ ዘጋች። እጇን ታጠበች። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና ባዶ ገጽ ከፈተች። ያኔ ነው ነገሩ የታወቀው፤ ከዕድለኛዋ ወዲህ ያን ሁሉ ዓመት ሲቪ ስትሠራ ኖራ አንድም ቀን ከዜሮ ጀምራ ጽፋ አታውቅም። ስሙን ጻፈች። ስልክ ቁጥሩን ጻፈች። ከዚያ ጣቶቿ በራሳቸው «እንግዶችን በፈገግታ መቀበል» ብለው ጻፉ። ሆስተሷ አስጠፋቻት።

እህትየው ምን እንደምትሠራ ጠየቀቻት። ልጆች እጠብቃለሁ አለች። እህትየው ጻፈችው፣ አየችው፣ ይሄ ሞግዚት ነው ብላ አጠፋችው። ጠዋት አውቶቡሱ ላይ እንደወጣሽ መጀመሪያ የምትነኪው ነገር ምንድን ነው አለቻት። ይህኛው ጥያቄ ሠራ። ሆስተሷ መጀመሪያ የኋላውን በር ከፍታ ትዘጋለች፤ የማይከፈት በር ካለ መኪናው አይነሳም። የእሳት ማጥፊያውን ታያለች። ቀበቶ በቀበቶ ትዞራለች። ልጆቹን ሲገቡ ትቆጥራለች፣ ሲወርዱም ትቆጥራለች፤ ሁሉም ከወረዱ በኋላ ደግሞ እስከ መጨረሻው ሄዳ ወንበር ሥር ታያለች፣ እንቅልፍ የወሰደው ተንሸራቶ እዚያ ይገባልና። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ የትኛው እንደሆነ ታውቃለች። የሚደባደቡትን ወንድማማቾች አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ ታስቀምጣለች። በሩ ላይ ቆማ የምትጮህ እናትን ድምፅዋን ሳታነሳ ታበርዳለች። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ወስዳለች፤ ወረቀቱ እናታቸው ቤት ቁም ሣጥን ላይ ነው።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ያቺ መኪናዋ የጨሰች ቀን እንኳ…»

«የጨሰች?»

ድልድዩ ላይ ነው። ሞተሩ ጭስ ሲያወጣ ሾፌሩ እሳት ማጥፊያውን ይዞ ወደ ፊት ሮጠ። እሷ የኋላውን በር ከፈተች፣ ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ እንዲይዙ አደረገች፣ አውርዳ ከመኪናው አርቃ የድልድዩ አጥር ጋ አቆመቻቸው። ስትቆጥር አንድ ጎደለ። ተመልሳ ገባች። ወንበር ሥር ተደብቆ አገኘችውና በጃኬቱ ኮሌታ ጎትታ አወጣችው። ሌላ መኪና መጣ፤ ትምህርት ቤት ዘግይተው ደረሱ።

የእህትየው ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ቆሙ። «ይሄን መቼ ነው የነገርሽኝ?»

«ያኔውኑ ነግሬሻለሁ። ልብስሽ ጭስ ጭስ ይላል፣ ውጭ አውልቂ አልሽኝ።»

እህትየው መጻፍ ጀመረች። ግን አመል አይለቅም፣ «ከእሳት ነበልባል» ብላ ስትጽፍ ሆስተሷ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ነበልባል አልነበረም። ጭስ በይ።»

«ከሞት አፍ ልበል?»

«አወረደች በይ። በቃ።»

ፈረንሳይኛው ላይ ተከራከሩ። እህትየው ቢያንስ «ጥቂት» ተብሎ ይግባ ብላ ለመነች፤ ጠፋ። ሲታተም አንድ ገጽ ብቻ ሆነ። እህትየው ወረቀቱን አርቃ ይዛ አየችው፤ ራቁቱን የወጣ ሰው ይመስላል አለች። ለፎቶው እጇን ወደ ምስማሩ ስትሰድ ሆስተሷ ነጭ ሸሚዟን አስተካክላ ግድግዳው ፊት ቆማ ነበር። እህትየው ጃኬቱን መልሳ ሰቀለች። ሊፒስቲኩን ግን በግድ ቀባቻት።

በማግስቱ ልጆቹ ከወረዱ በኋላ ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። ልትወርድ ስትል በሩን ዘጋው።

«ዛሬ ተሳፋሪ ነሽ። ቀበቶሽን እሰሪ» አለና በባዶው አውቶቡስ እስከ ቢሮው ደጃፍ አደረሳት።

መዝጋቢዋ ፎቶውን አይታ ወደ ጽሑፉ አለፈች። እስከ መጨረሻው አነበበች። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ተመልሰሽ ስትገቢ ሌሎቹን ማን ያዘልሽ?»

«ራሳቸው። አጥሩን ይዛችሁ ቁሙ፣ የለቀቀ ነገ መስኮት ጋ አይቀመጥም አልኳቸው።»

መዝጋቢዋ አልሳቀችም። ማኅተሙን መታች፣ ወረቀቱን ከክምሩ ለይታ ሌላ ትሪ ላይ አስቀመጠችው። «ቀጣይ» አለች።

ሆስተሷ ፈተናውንም፣ ቃለ መጠይቁንም፣ የጤና ምርመራውንም አለፈች። አሁን የምትሠራው በአውሮፕላኑ የኋላ ክፍል ነው፤ በሩም የእሷ ኃላፊነት ነው። ሾፌሩ በምትኳ የገባችውንም ልጅ ሆስተሷ ይላታል።

እህትየው ሲቪውን በትልቁ አትማ የሱቁ መስኮት ላይ ለጠፈችው። ሰማያዊውን ጃኬት ሸጠች፤ ምስማሩ ላይ ነጭ ሸሚዝ ሰቀለች። በተከታዩ ምዝገባ ከዚያ ሰፈር የመጡት አመልካቾች በሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ተቆጣጣሪዎች ነበሩ፤ ሁሉም ጭስ ካወጣ መኪና ሕፃናት አውርደዋል።